ሪሳይዝ የተደረገ ቀለህ አልገባም ወይም አልወጣም ሲል፦ ችግሩን ከቦታው ማግኛ መመሪያ

ጠመንጃ ሲተኮስ ቀለሁ ይነፋል። የባሩዱ ግፊት የናሱን ግድግዳ ከቻምበሩ (ጥይቱ ከሚቀመጥበት የበርሜሉ ጉረሮ) ጋር ያጣብቀዋል፤ ግፊቱ ሲወርድ ናሱ ትንሽ ወደ ውስጥ ይሸሻል እንጂ ወደ ፋብሪካ መጠኑ አይመለስም። ሪሳይዝ የሚደረገው ያ የተነፋ ቀለህ ዳግም ከመሞላቱ በፊት በዳይ (በልኩ በተቦረቦረ የብረት ቅርጽ ማውጫ) ተጨቁኖ እንደገና ያለ ትግል ቻምበር እንዲገባ፣ አንገቱም አረሩን ጨብጦ እንዲይዝ ነው። ሥራው ሲበላሽ መልኩ ብዙ ነው፤ ቦልቱ (ቻምበሩን ከኋላ የሚዘጋው ብረት) አልዘጋም ይላል፣ ቀለሁ ዳይ ውስጥ ይቀረቀራል፣ አረሩ በአውራ ጣት ተገፍቶ ይሰምጣል፣ ትከሻው (ገላው ወደ አንገቱ የሚጠብበት ተዳፋት) ይጎደጉዳል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ፈጥኖ የሚያደርገው ዳዩን ሌላ ሩብ ዙር ወደ ታች ማጥበቅ ነው። አንዳንዴ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ ግን አንዱን ችግር በባሰ ይተካል። ቀለሁ የት ላይ እንደሚይዝ ሳይታወቅ ዳይ አይነካም።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሠራው በባዶ ቀለህ ነው፤ ባሩድም፣ አረርም፣ ያልተተኮሰ ፕራይመርም (ቂጡ ላይ ያለው፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ካፕሱል) የሌለበት። የተሞላ ጥይት ለሙከራ ቻምበር ውስጥ አይገባም። የዓይን መከላከያ መነጽር ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይደረግ።

መጀመሪያ መለካት

የሚያስፈልገው ካሊፐር እና በካሊፐሩ መንጋጋ ላይ የሚታሰር የትከሻ መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ ቀለሁን ከቂጡ እስከ ትከሻው ተዳፋት መካከል ድረስ ይለካል። ለ.308 ዊንቸስተር መለኪያ ነጥቡ ትከሻው 10.16 ሚሊ ሜትር (0.400 ኢንች) ስፋት ያለው ቦታ ነው፤ ለ.30-06 ስፕሪንግፊልድ 9.53 (0.375 ኢንች)፤ ለ.223 ሬሚንግተን 8.38 (0.330 ኢንች)። መለኪያው የሚሰጠው ቁጥር ፍጹም ልክ መሆን የለበትም፤ የሚፈለገው ከመተኮስ በኋላና ከሪሳይዝ በኋላ ያለው ልዩነት ነው።

በዚያው ጠመንጃ የተተኮሱ አምስት ያህል ቀለሆች ይውሰዱ። ከመለካትዎ በፊት ፕራይመራቸውን ያውጡ፤ ትንሽ የወጣ ወይም ጠርዙ ያበጠ ፕራይመር ልኬቱን ያሳስታል። ከአምስቱ ትልቁን ቁጥር ይያዙ። አንድ ጊዜ ብቻ የተተኮሰ ቀለህ ብዙ ጊዜ ቻምበሩን ሙሉ በሙሉ አይሞላም፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ የተተኮሰ ካለ እሱ የተሻለ ምስክር ነው።

ከዚያ ቁጥር በመነሣት ትከሻው ምን ያህል ወደ ኋላ መመለስ እንዳለበት ይወሰናል። በእጅ ለሚጎተት ቦልት ከ0.025 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር (ከ1 እስከ 2 ሺህኛ ኢንች) ይበቃል። ራሱ ለሚያጎርስ ጠመንጃ ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ይሰጠዋል፤ እዚያ ቦልቱን የሚዘጋው ምንጭ እንጂ እጅ ስላልሆነ ትንሽ የጠበቀ ቀለህ ቦልቱን ሙሉ በሙሉ ሳያስዘጋ ሊያስቀረው ይችላል።

ዳዩን በቁጥር መግጠም

ዳዩ የሚታሰረው በፕሬስ ላይ ነው፤ የፕሬሱ ራም (በእጀታ የሚወጣና የሚወርደው ዘንግ) ጫፉ ላይ ባለው የቀለህ መያዣ ቀለሁን ከቂጡ ይዞ ወደ ዳዩ ያስገባዋል። ከዳይ ጋር የሚመጣው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ “የቀለህ መያዣውን እስኪነካ አውርዱት፣ ከዚያ ስምንተኛ ዙር ጨምሩ” ይላል። ይህ ለየትኛውም ጠመንጃ የሚሆን ጥይት ይሠራል፤ ለእርስዎ ጠመንጃ ግን ትከሻውን ከሚገባው በላይ ሊገፋው ይችላል። የተለመደው ዳይ በአንድ ኢንች 14 ጥርስ አለው። አንድ ሙሉ ዙር 1.81 ሚሊ ሜትር ያወርደዋል፣ ስምንተኛ ዙር 0.23 ገደማ፣ 10 ዲግሪ ደግሞ 0.05 ሚሊ ሜትር። የሚፈለገው ለውጥ የሚገኘው በ10 ዲግሪ ውስጥ ከሆነ፣ ስምንተኛ ዙር ምን ያህል ሻካራ እርምጃ እንደሆነ ይታያል።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ራሙን ወደ ላይ ጫፉ ያድርሱና ዳዩን የቀለህ መያዣውን እስኪነካ ያውርዱ፤ ከዚያ ግማሽ ዙር መልሰው ይፍቱት። የተቀባ ቀለህ ያስገቡ፣ ራሙን እስከ መጨረሻው ያንሡ፣ እዚያው ሦስት አራት ሰከንድ ያቆዩት፣ ያውጡና ይለኩ። ዳዩን ስምንተኛ ዙር፣ ቁጥሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ደግሞ 10 ዲግሪ ብቻ እያወረዱ ይድገሙ። የማርከር ጭረት በዳዩ ራስና በፕሬሱ ላይ ቢያደርጉ መዞሩን ማየት ይቀላል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ ነገር ይመጣል። ዳዩ ገና ትከሻውን ሳይነካ የቀለሁ ቁጥር ከተተኮሰው ይበልጥ ሊረዝም ይችላል፤ ተተኩሶ 41.42 የነበረው 41.47 ይሆናል። መለኪያው አልተሳሳተም። ዳዩ መጀመሪያ የሚጨቁነው ገላውን ነው፤ ከጎን የተጨቆነው ናስ መሄጃው ወደ ፊት ስለሆነ ትከሻውን ይዞት ይሄዳል። ከዚህ የተነሣ በግማሽ ሪሳይዝ የተደረገ ቀለህ ምንም ካልተነካው ይልቅ ለመዝጋት ይከብዳል። ማውረዱን ሲቀጥሉ የዳዩ ትከሻ የቀለሁን ትከሻ ያገኘዋል፣ ቁጥሩም መቀነስ ይጀምራል። የታሰበው ልክ ላይ ሲደርስ ቀለህ በዳዩ ውስጥ እንዳለ፣ ራሙም ላይ እንደሆነ ቆላፊውን ቀለበት ያጥብቁ። በሌላ ሦስት ቀለህ ያረጋግጡ።

ቦልቱ አሁንም ሲከብድ

አንድ ቀለህ ሙሉ ለሙሉ በጥቁር ማርከር ይቀቡ፤ ትከሻውን፣ አንገቱን፣ ገላውን፣ ከቂጡ በላይ ያለውንም። ይድረቅ። ወደ ቻምበር አስገብተው ቦልቱን ቀስ ብለው ይዝጉና ይክፈቱ። ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ መልሱ ነው። ይህ ሙከራ ይበልጥ የሚናገረው የቦልቱ መምቻ ከነምንጩና ቀለህ ገፊው ፒን ሲወጡ ነው (አፈታቱ በጠመንጃው መመሪያ መሠረት)፤ ያኔ በልኩ የተሠራ ቀለህ ላይ የቦልቱ እጀታ በራሱ ክብደት ይወርዳል። በተተኮሰ ቀለህ ላይ የሚያዝ፣ በሪሳይዙ ላይ የሚወርድ ከሆነ ልኩ ተገኝቷል።

ትከሻው ላይ ቀለሙ ዙሪያውን ከተፋቀ ትከሻው ገና አልተመለሰም። ዳዩ መያዣውን ካልነካ ማውረዱን ይቀጥሉ። ነክቶም ካልበቃ ግን ማጥበቅ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ቀለህ እየጨቆኑ ራሙ ላይ ሲደርስ በዳዩና በመያዣው መካከል በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ባዶውን የሚነካካው ዳይ፣ ቀለህ ሲገባበት ቀጭን የብርሃን ክፍተት ካሳየ ፕሬሱ በጭነት እየተለጠጠ ነው፤ እስኪዘጋ ትንሽ ተጨማሪ ዙር ይገባዋል። ክፍተት ከሌለ የመያዣውን ጎድጓዳ ያጽዱ፣ የፕራይመር ጥላሸት እዚያ ተከማችቶ ቀለሁን ወደ ላይ ያነሣዋል። ጽዱ ሆኖም ካልሆነ የመያዣው የላይኛው ፊት በጥቂቱ፣ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በጠፍጣፋ ሞረድ ድንጋይ ላይ ሊቀነስ ይችላል። የሚቀነሰው መያዣው እንጂ ዳዩ አይደለም፤ መያዣ ርካሽ ነው፣ ዳይም እሳት የቀመሰ ጠንካራ ብረት ስለሆነ በእጅ አይቀመስም።

ልኬቱ ከቀለህ ቀለህ እየተለያየ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ከናሱ ነው። በተደጋጋሚ የተተኮሰና የተጨቆነ ናስ ይጠነክራል፤ የጠነከረ ናስ ከዳይ ሲወጣ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሁለት ጊዜ የተተኮሰና ስምንት ጊዜ የተተኮሰ ቀለህ በአንድ ዳይ አንድ ዓይነት ሆነው አይወጡም። በቂጣቸው ማኅተምና በተተኮሱበት ብዛት ይለዩአቸው፤ የጠነከሩትን አንገትና ትከሻ በእሳት ያለዝቡ።

ቀለሙ ከቂጡ በላይ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ከተፋቀ ቀለሁ ታች ላይ ወፍሯል። ይህ የሚያጋጥመው በሌላ፣ ቻምበሩ ሰፋ ባለ መሣሪያ የተተኮሰ ቀለህ ሲገዛ ነው። መደበኛ ዳይ እዚያ ድረስ በደንብ አይደርስም፤ ታችኛውን ክፍል አጥብቦ የሚጨቁን ልዩ ዳይ አለ፤ ለራስ አጎራሽ ጠመንጃ የሚሸጠው ይኸው ነው። ሌላም ምልክት አለው፦ ከተተኮሰ በኋላ ቦልቱ ሲነሣ ላይ ጫፉ ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ተጠርጣሪው ታችኛው ክፍል ነው። ቀለህ ተጥሎ የሚሞከርበት ባለ ደረጃ መለኪያ ይህን ላያሳይ ይችላል፤ ብዙዎቹ ርዝመትን እንጂ ውፍረትን እንዲለኩ ሆነው ስላልተሠሩ ቀለሁ በቀላሉ ይገባባቸዋል።

ቀለሙ የአንገቱ አፍ ላይ ብቻ ከተፋቀ ቀለሁ ረዝሟል። ሪሳይዝ ራሱ ስለሚያስረዝመው ርዝመት የሚለካው ከሪሳይዝ በኋላ ነው። ከፍተኛው ለ.223 ሬሚንግተን 44.70፣ ለ.308 ዊንቸስተር 51.18፣ ለ.30-06 ስፕሪንግፊልድ 63.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲቆረጥ ከዚህ 0.25 ያህል አጥሮ ይቆረጣል። የረዘመ ቀለህን እየገፉ መዝጋት የዚህ ሁሉ አደገኛው ነው። አፉ ከቻምበሩ ጫፍ ጋር ተጣብቆ አረሩን ይቆነጥጠዋል፣ አረሩ መልቀቅ አቅቶት ግፊቱ ይንራል። ከተቆረጠ በኋላ የአፉ ጠርዝ ከውስጥም ከውጭም ይለስልስ።

ባዶው ቀለህ በቀላሉ ገብቶ የተሞላው ብቻ ከከበደ ሪሳይዙን አይክሰሱ። አረር መግጠሚያው ዳይ ከመጠን በላይ ወርዶ አፉን ሲቆነጥጥ ትከሻው ስር ያለው ናስ ወደ ውጭ ያብጣል። ያንን ዳይ አንድ ዙር ከፍ አድርገው፣ የአረሩን ጥልቀት በላይኛው ብሎን ብቻ ያስተካክሉ።

ዳይ ውስጥ የተቀረቀረ ቀለህ

ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ቅባት ማነስ ነው። ገላው ዙሪያውን በስሱ መቀባት አለበት፤ ይበልጡን ከቂጡ በላይ ያለው ሲሦ፤ ጨቁኑ የሚበዛው እዚያ ነው። የሚረጭ ቅባት ሲሆን ፈሳሹ እስኪተን ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ እርጥብ እያለ የሚያለሰልሰው አልኮል እንጂ ቅባቱ አይደለም። አዲስ ወይም በደንብ የታጠበ ዳይ ውስጡ ደረቅ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀለሆች ከሌሎቹ በዛ አድርገው ይቀቡ።

እጀታው በመንገዱ ላይ ባልተለመደ ሁኔታ ሲከብድ ያቁሙ። ግማሽ የገባ ቀለህ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይወጣል፤ እስከ መጨረሻው የተገፋው ግን አይወጣም፣ ሲጎተትም ከንፈሩ ተቀዶ መያዣው ባዶውን ይወርዳል። እዚያ ከተደረሰ፦

1. ፕራይመር አውጪውን ዘንግ ከላይ በኩል ይፍቱና በተቻለ መጠን ወደ ላይ ይሳቡት፤ መሰርሰሪያው እንዳያገኘው።
2. ዳዩን ከፕሬሱ አውጥተው ገልብጠው በሞርሳ ያጥብቁት፤ ጥርሱ እንዳይጎዳ በእንጨት ወይም በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው።
3. ፕራይመሩ መውጣቱን ወይም ቀድሞ የተተኮሰ መሆኑን ያረጋግጡ። ያልተተኮሰ ፕራይመር ያለበት ቀለህ አይሰረሰርም፤ ያኔ አዲስ ዳይ መግዛት ከጣትና ከዓይን ይረክሳል።
4. በፕራይመሩ ጎድጓዳ መሐል በ5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቂጡን ይብሱ፣ ከዚያ ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን ጥርስ ያውጡ።
5. በዳዩ አፍ ላይ ከቀለሁ ቂጥ የሰፋ የቁልፍ ሶኬት ያቁሙ፣ በላዩ ወፍራም ሮንዴላ ያድርጉ፣ ብሎኑን በዚያ አሳልፈው ያጥብቁ። ብሎኑ ሲጠብቅ ቀለሁ ወደ ሶኬቱ ውስጥ ይሳባል።

ጥርሱ እየተበላ ካስቸገረ ዳዩን ከነቀለሁ ለጥቂት ሰዓት በረዶ ቤት ያስቀምጡትና ወዲያው እንዳወጡት ይሞክሩ። ናስ ሲቀዘቅዝ ከብረት ይበልጥ ይኮማተራል። ከወጣ በኋላ የዳዩ ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ናስ በብረት መወልወያ ካልጸዳ ቀጣዩ ቀለህ እዚያው ይቀረቀራል፣ ካልሆነም ርዝመቱን ሙሉ ይጫራል።

ጎድጓዳና ጭረት

ትከሻው ላይ ለስላሳ ጎድጓዳ ከወጣ ቅባቱ በዝቷል። ፈሳሽ አይጨቆንም፤ መውጫ ሲያጣ ናሱን ወደ ውስጥ ይገፋል። ዳዩ ጎን ላይ ያለችው ቀጭን ቀዳዳ አየርና ትርፍ ቅባት የምታወጣ ስለሆነች ካልተደፈነች ይመልከቱ። ትከሻና አንገት በውጭ በኩል ቅባት አይቀቡም፣ ከገላው የሚደርሳቸው ይበቃቸዋል። ጥልቀት የሌለው ጎድጓዳ በሚቀጥለው ተኩስ ተመልሶ ይሞላል፤ ሹል እጥፋት ያለው ግን ይጣል። በርዝመቱ የሚወርድ ጭረት የሚመጣው ከዳዩ ውስጥ ካለ ቆሻሻ ወይም የናስ ቅሪት ነው፤ ቀለሆቹ ከሪሳይዝ በፊት ይታጠቡ።

አንገቱ

አረሩ በጣት ከሰመጠ አንገቱ ላልቷል። መጀመሪያ አንገት አስፊውን ኳስ (በዳዩ ዘንግ ላይ ያለውን፣ ቀለሁ ሲወጣ አንገቱን ከውስጥ የሚያሰፋውን) ይለኩ። 7.82 ሚሊ ሜትር (.308 ኢንች) ለሆነ አረር ኳሱ ከ7.77 እስከ 7.80 መሆን አለበት፤ ከዚያ ከወፈረ ከሌላ ዳይ የመጣ ሊሆን ይችላል። ኳሱ ልክ ሆኖ አንገቱ ከላላ ናሱ ጠንክሮ እየተመለሰ ነው፣ ማለዘብ ይፈልጋል። ተቀያሪ የአንገት ቀለበት ባለው ዳይ ለሚሠራ ደግሞ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የግድግዳው ውፍረት 0.38 ከሆነ አረር የገባበት አንገት ውጫዊ ስፋት 7.82 ሲደመር 0.76፣ ማለትም 8.58 ይሆናል፤ ከዚህ 0.05 የሚያንስ 8.53 ቀለበት ይመረጣል። የላላን አንገት አፉን በመቆንጠጥ ለማዳን መሞከር አያዋጣም፤ አረሩን የሚይዘው አፉ ሳይሆን የአንገቱ ሙሉ ርዝመት ነው።

ራሙ ሲወርድ የሚጮህ ድምፅ ከተሰማ ኳሱ ደረቅ አንገት እየፋቀ ነው። በውኃና በብረት ፒን የታጠቡ ቀለሆች ላይ ይህ ይብሳል፤ ውስጣቸው የነበረው ጥላሸት እንደ ቅባት ያገለግል ነበርና። ጉዳቱ ከድምፁ ይበልጣል፤ ኳሱ አንገቱን ወደ ላይ ሲስብ ትከሻውን ይዞ ይወጣል፣ በጥንቃቄ የተገኘችውን 0.05 ያጠፋታል፣ አንገቱንም ያጣምማል። የአንገት ብሩሽ ደረቅ ግራፋይት ነክቶ በየቀለሁ አንዴ ማስገባት ይበቃል። የተጣመመ አንገት ካልተስተካከለ የዘንጉን ዳዶ አላልተው፣ ኳሱ አንገት ውስጥ እያለ መልሰው ያጥብቁት፤ መሐሉን ራሱ ያገኛል።

ብዙ ጊዜ የተተኮሰ ቀለህ አንገቱ ከትከሻው ጋር በሚገናኝበት ቦታ በውስጥ በኩል የናስ ቀለበት ያበቅላል። መፈተሻው፦ ሪሳይዝ ያልተደረገ የተተኮሰ ቀለህ ውስጥ አረር ይጣሉ። እስከ ታች ሳይወርድ አንገቱ ግርጌ ላይ ከቆመ ቀለበቱ አለ፤ ይፋቅ ወይም ቀለሁ ይጣል።

ለማለዘብ የሚሞቀው አንገትና ትከሻ ብቻ ነው። የጥይት ናስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ነው፤ ሙቀት ቂጡን ካለዘበው ግፊት የሚሸከም ነገር አይቀርም። 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የሚቀልጥ የሙቀት ቀለም በአንገቱ ውስጥ፣ 230 ዲግሪ የሚያሳይ ደግሞ ከትከሻው አንድ ሴንቲ ሜትር በታች በገላው ላይ ይቀባል፤ ቀለሁ ነበልባሉ ውስጥ እየዞረ የውስጡ ሲቀልጥና የውጩ ሳይለወጥ ይወጣል፤ የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው። ደማቅ ብርቱካናማ እስኪሆን የጋለ አንገት ከልክ በላይ ለዝቧል።

ትከሻው ከልክ በላይ ሲገፋ

ይህ ችግር ቦልቱን አያከብድም፣ ስለዚህ ሳይታይ ያልፋል። ቀለሁ ቻምበሩ ውስጥ አጥሮ ይቀመጣል፣ ሲተኮስ የፊት ግድግዳው ከቻምበሩ ጋር ይጣበቃል፣ ቂጡ ግን ቦልቱ ጋ እስኪደርስ ወደ ኋላ ይለጠጣል። በየተኩሱ አንድ ቦታ ይሳሳል፣ በመጨረሻ ለሁለት ይበጠሳል። ምልክቱ ከቂጡ በላይ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ላይ ዙሪያውን የሚያበራ ቀጭን መስመር ነው። የወረቀት ክሊፕ ቀጥ አድርገው ጫፉን በትንሹ አጥፈው ያሹሉት፣ ወደ ቀለሁ አስገብተው የውስጡን ግድግዳ ከታች ወደ ላይ ይዳስሱ። ጫፉ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቀጭ ካለ ቀለሁ ይጣላል። በአንድ ዳይ አገጣጠም ተሠርተው እኩል ጊዜ የተተኮሱት ሁሉ አብረውት ይመርመሩ፤ ከእነሱ ሦስት አራቱ ላይ ቦይ ከተገኘ ክምሩን መጣል ይሻላል።

የፕራይመር አውጪው መርፌ ሲሰበር

ከመግፋትዎ በፊት ቀለሁን በባትሪ ከላይ ይዩት። መሐል ላይ አንድ ቀዳዳ ከሌለ፣ ይልቁንም ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ከጎንና ከጎን ካሉ የቤርዳን ዓይነት ነው፤ በተለመደው ዳይ አይወጣም፣ መርፌውን ይሰብራል ወይም ያጣምማል። አንድ ቀዳዳ ኖሮት ከከበደ ደግሞ የወታደር ቀለህ ሊሆን ይችላል፤ ፕራይመሩ ዙሪያውን ተቆንጥጦ ታስሯል። ይወጣል፣ ግን አዲስ ፕራይመር ከመግባቱ በፊት ያ ቁንጥጫ መፋቅ ወይም መጨፍለቅ አለበት።

ሪሳይዝ ሲያልቅ ቅባቱ ሙሉ በሙሉ ይጠረግ፣ በጨርቅም ሆነ በማጠቢያ። የተቀባ ቀለህ ቻምበሩን በሚገባ ስለማይጨብጥ የተኩሱን ግፊት አብዝቶ ወደ ቦልቱ ያስተላልፋል፤ አንገት ውስጥ የቀረ ቅባትም ባሩዱን ያበላሻል። የአንገቱን ውስጥ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ይፈትሹ፤ ጥጡ ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ቀለሁ ለአዲስ ፕራይመር ዝግጁ ነው።